ራዩ ወይስ ኦፕንዴይላይት? የፓኬጅ አያያዝ ነገር

ሁለቱም የኤስዲኤን (ኔትወርክን ከአንድ ማዕከል በሶፍትዌር የማዘዝ ዘዴ) ኮንትሮለር ናቸው። ፓኬጅ አያያዛቸው ግን ለየቅል ነው።

ራዩ ፓይተን ነው። በፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ መጫኛ) ትጭነዋለህ፣ ራዩ ማናጀር በሚባለው ትእዛዝ አፕህን ታስነሳለህ፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ ነው። ራዩ ኢቨንትሌት በሚባል ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ላይ ይደገፋል፤ ከ0.30.2 በኋላ በወጡት የኢቨንትሌት ስሪቶች ላይ አንድ የሚፈልገው ስም ከቦታው ስለተነሳ፣ አንዲት መስመር ኮድ ያልነካ ሰው አዲስ ማሽን ላይ ጭኖ ሲያስነሳ ገና ከበሩ የኢምፖርት ስህተት ይቀበለዋል። በፓይተን 3.9 ወይም ከዚያ በፊት ባለ ስሪት ለብቻው ቨርችዋል ኢንቫይሮመንት (ከሌላው የተነጠለ የፓኬጆች ቦታ) ክፈትና ኢቨንትሌትን 0.30.2 ላይ ቆልፈው፣ ይህ ስህተት ይጠፋል። የሚያናድደው ይህን የምታውቀው ከተሰበረ በኋላ መሆኑ ነው።

ኦፕንዴይላይት ጃቫ ነው፤ ሜቨን በሚባል መገንቢያ ይገነባል፣ ካራፍ በሚባል የጃቫ ማስኬጃ ላይ ይሮጣል። እዚህ የምትጭነው ፊቸር ነው፣ ማለትም የባንድሎች (ለብቻቸው የሚጫኑ የጃቫ ሞጁሎች) እና የሌሎች ፊቸሮች ጥቅል። ለምሳሌ ሬስትኮንፍን (ኮንትሮለሩን በኤችቲቲፒ ለማዘዝ የሚያስችለውን ፊቸር) ስትጭን የሚያስፈልገውን ሁሉ ራሱ ይጎትታል። አንድ ወጥመድ አለው፦ ፖም ፋይል (የሜቨን የግንባታ ዝርዝር) ላይ ያስገባኸው ላይብረሪ ኮምፓይል ስላደረገልህ ብቻ ፊቸሩ ውስጥ ገብቷል ማለት አይደለም። ከሌለ ካራፍ ሲጭን እምቢ ይላል። የስህተቱ መልእክት ረጅም ነው፤ አትሽሽ፣ የጎደለው ፓኬጅ ስምና የሚፈለገው ስሪት እዚያው ውስጥ ተጽፏል።

ለመማርና ለፈጣን ሙከራ ራዩን እመርጣለሁ። ብዙ ሰው ለሚነካካው፣ ለዓመታት ለሚቆይ ኮድ ግን ያለማመንታት ኦፕንዴይላይት፤ ትራፊክ ከመጀመሩ በፊት የጎደለውን ፓኬጅ ይነግርሃልና። ብቻ የማትጠቀምበትን ፊቸር አትከምርበት።