ከመክፈላችሁ በፊት «ማታ 4 ሰዓት ላይ ማን አለ?» በሉ

ወገኖቼ፣ ቤቱ ውስጥ ነፍሰ ጡር ያለችበት ሰው ይህችን ያንብብልኝ። የማወራው ጎጃም ውስጥ ስላለ አንድ የግል ማዋለጃ ነው። ከተማውን አልጠራም። እንዲህ ያሉ ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ከተማውን ከነገርኳችሁ ስሙን ነገርኳችሁ ማለት ነው።

ዕቁቤ የደረሰኝ ባለቤቴ ሰባት ወር ሲሞላት ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ነበር። እሷ ክትትሏን ጤና ጣቢያ በነፃ ጀምራ ነበር። «ሰልፍና ግፊያ ምን በወጣሽ» ብዬ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ክፍሉን ሲያሳዩን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሶፋ፣ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ሙቅ ውሃ፣ ለአስታማሚ ለብቻው አልጋ። «ቪአይፒ ወሊድ» ይሉታል። ኬኩም፣ ፊኛውም፣ የሕፃኑ ፎቶም ዋጋው ውስጥ አለ። 70 ሺህ ብር፤ እስከ ቅዳሜ ለከፈለ ግን 60 ሺህ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ «እስከ ቅዳሜ ብቻ» የምትለዋን ዘዴ ብርድ ልብስ ስሸጥ እጠቀምባታለሁ። እንዴት እንደበላችኝ እስካሁን አልገባኝም። ሙሉውን ከፈልኩ።

የጠየቅኩት ምን መሰላችሁ? ዋይፋይ አለ ወይ ብዬ ነው።

ምጡ ረቡዕ ማታ ጀመራት። አማቴ የገብስ ዱቄትና ቅቤ ይዘው ከቢቸና መጥተዋል። በር ላይ «ምግብ ከውጭ አይገባም፣ ኬክ አለን» አሏቸው። «ኬክ ለአራስ?» ብለው ዱቄታቸውን ጉያቸው ውስጥ ሸጉጠው ገቡ።

4 ሰዓት ገደማ አዋላጇ ሆዷ ላይ አዳመጠች። እንደገና አዳመጠች። ከዚያ ጓንቷን ሳታወልቅ ስልክ ማፈላለግ ጀመረች። የልጁ የልብ ምት እየወረደ ነው፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል። ሐኪሙ የት ነው? መንግሥት ሆስፒታል ተረኛ ነው! ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ የሚመጣው ቀን፣ በቀጠሮ ነው። ደም የለም። ለሕፃን የሚሆን ማሞቂያም የለም። አምቡላንሱ ጋራዥ ገብቷል። ያ ሁሉ ክፍል፣ ያ ሁሉ መጋረጃ፣ ማታ ላይ አንዲት አዋላጅና አንድ ጥበቃ ብቻ ነው የነበረው። የሪፈር ወረቀት ሰጡን፣ በባጃጅ ሄድን። አማቴ መንገዱን ሙሉ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። የባጃጁ ልጅ፣ ዕድሜ ይስጠው፣ ጉድጓድ ሲያይ ቀስ፣ አስፋልት ሲያገኝ በረር እያለ አደረሰን።

ሆስፒታሉ በር ላይ የተቀበለን ያው ሐኪም ነው። በክሊኒኩ ከፍለን ስናየው የነበረው። እሱም ሲያየን ደነገጠ። ልጁ በሰላም ወጣ፤ እሷ ግን ብዙ ደም ፈሷት ሁለት ከረጢት ተሰጣት። አገራችን ውስጥ እናቶችን በወሊድ ከሚገድሉት ዋነኛው ይኸው የደም መፍሰስ ነው፤ ሰዓታት አይጠብቅም። ያ ደም ከሌለበት ቤት ሆነን ቢሆን ኖሮስ? ልጁ ሦስት ቀን ማሞቂያ ውስጥ ቆየ።

የመንግሥቱ ገነት ነው አልላችሁም። ስድስት አራስ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። አንሶላና ብርድ ልብስ ከቤት አመጣን፤ ሽንት ቤቱ ውሃ አልነበረውም፤ አንዷ ነርስ ምላሷ ጅራፍ ነው። ግን ሌሊት 9 ሰዓት ስትጠራ የሚመጣ ሰው አለ። ለወሊዱም ለኦፕራሲዮኑም አልከፈልንም፤ ወጪያችን ከውጭ ግዙ የተባልነው መድኃኒት ነው። የአማቴ ገንፎም በትልቅ ድስት መጥቶ ለስድስቱም አራስ ተዳረሰ።

ብሬን ልጠይቅ ስሄድ ደረሰኙን ገልብጠው አሳዩኝ። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል «አገልግሎት ከተጀመረ ገንዘብ አይመለስም» ይላል። ምን ጀመራችሁልኝ? ፊኛው እንኳን አልተነፋም! ኦፕራሲዮን ቢሆን ኖሮም ሌላ ክፍያ እንደነበረው ያን ቀን ነው የሰማሁት። ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ 15 ሺህ መለሱልኝ።

የግል ሁሉ እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። አሟልቶ የሚሠራ አለ። ግን ሶፋውን ከማየታችሁ በፊት የኦፕራሲዮን ክፍሉን አሳዩን በሉ። ማታና እሁድ ሐኪሙም ማደንዘዣ ሰጪውም እዚሁ ያድራሉ ወይስ በስልክ ይጠራሉ? ደም ከየት፣ በስንት ደቂቃ ይመጣል? ሪፈር ብትሉን በምን እንሄዳለን፣ ገንዘባችንስ? መልሱን በቃል ሳይሆን በወረቀት ተቀበሉ። የነጋዴ ምክር ነው። ዛሬ ካልከፈላችሁ የሚል ካለ ውጡ። የትም ለመውለድ ብታስቡ ደግሞ የጤና ጣቢያ ክትትሉን እንዳታቋርጡ፤ ሆስፒታሉ መጀመሪያ የጠየቀን የክትትል ካርዷን ነው።

ለደረሰበት ሰው፣ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዛው አገልግሎት በቂ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጥሃል። እኔ ለንግድ ቢሮም ለጤና ቢሮም ደረሰኙን ኮፒ አድርጌ አመልክቻለሁ። ገና መልስ የለም።

ባለፈው ሳምንት ከክሊኒኩ ተደወለልኝ። ቅሬታዬን ሊያነሱ መስሎኝ ሮጬ አነሳሁት። አንዲት ልጅ በጣፋጭ ድምፅ «የሕፃኑ ፎቶ ቀርቶብዎታል፣ መቼ ይምጡ?» አለችኝ። ልጁ ክርስትና ከተነሳ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።