«የመጨረሻው ስንት ነው?» ለሚባል ሰው፦ ስለ ዋጋ ንግግር የወሰድኩት ሥልጠና

የምሸጠው የቢሮ ፕሪንተርና ፎቶኮፒ ማሽን ነው። ዕቃው ራሱ ብዙ አያስቸግርም። ደንበኛው ያየዋል፣ ይነካካዋል፣ ሁለት ገጽ አትሞ ይመለከታል። ጣጣው የሚጀምረው ዋጋ ሲነሳ ነው። ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር ስለ ዋጋ ንግግር ብቻ የተዘጋጀ የኦንላይን ሥልጠና እንዳለ ስሰማ ተመዘገብኩ። ጨርሼዋለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። እንዲህ ዓይነት ሥልጠና ልትገዙ ላሰባችሁ ግን የሚረባውንና የማይረባውን ልለይላችሁ።

አጫጭር ቪዲዮዎች አሉት፣ የመልመጃ ጽሑፍ አለው፣ ከዚያ ደግሞ በቪዲዮ ተገናኝቶ በቀጥታ የሚደረግ ልምምድ አለ። በስልክ ማየት ይቻላል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

ከሌሎቹ የሚለየው በአሠልጣኟ ነው። አብዛኛው የሽያጭ አሠልጣኝ ዕድሜውን ሲሸጥ የኖረ ነው። እኚህ ሴት ግን የመጡት ከግዥ ክፍል ነው። ሥራቸው የሻጭን ዋጋ ማስወረድ ነበር። ስለዚህ «ተወደደ» የሚለው ቃል ከገዢ አፍ ሲወጣ ከጀርባው ምን እንዳለ ያውቁታል። አንዳንዱ የምር በጀት የለውም። አንዳንዱ ከሌላ ቤት የተሻለ ፕሮፎርማ ይዟል። አንዳንዱ ዕቃው ለምን ያን ያህል እንደሚያወጣ አልገባውም። አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ይሞክራል፤ አለቃው «አስቀነስክ ወይ?» ብሎ እንደሚጠይቀው ያውቃልና። አራቱም የሚሉት አንድ ቃል ነው፣ የሚሰጣቸው መልስ ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ከመመለሳችሁ በፊት ጠይቁ ይላሉ፦ «ከምን ጋር ሲያወዳድሩት ነው የተወደደብዎ?» ይቺን ጥያቄ አሁን በየቀኑ እጠቀምባታለሁ። መልሱ አንዳንዴ ያስቃል። አዲሱን ማሽን ከዓመታት በፊት ራሱ ከገዛው ማሽን ዋጋ ጋር ሲያወዳድር የቆየ ደንበኛ አጋጥሞኛል።

የከፈላችሁትን ገንዘብ የሚመልሰው ግን የቀጥታ ልምምዱ ነው። አሠልጣኟ ገዢ ይሆናሉ፣ ሠልጣኙ ይሸጣል፣ ይቀረጻል፣ ከዚያ ሁላችንም መልሰን እናየዋለን። አንድ አንደበተ ርቱዕ ልጅ ስለ ዕቃው አሳምሮ አስረዳና ዋጋውን ተናገረ። አሠልጣኟ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወረቀቱን ማየት ጀመሩ። ምንም አላሉም። ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያው መነጋገር ይቻላል» አለ። ዝም። «ብዛት ካለው ደግሞ አስተያየት እናደርጋለን።» አሁንም ዝም። «እሺ በቃ፣ ለእርስዎ 10 በመቶ ልቀንስ።» ቀረጻውን መልሰን ስናይ ልጁ ራሱ ከሁላችንም በላይ ሳቀ። ሴትዮዋ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቅናሹን የጠየቀውም የፈቀደውም ሻጩ ነው።

በእኔ እምነት የሥልጠናው ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ብዙው ቅናሽ የሚሰጠው ደንበኛ አጥብቆ ስለተከራከረ አይደለም። ሻጩ የራሱን ዋጋ ሲናገር ስለሚያፍር ነው። ድምፁ ይወርዳል። «ገደማ» የምትል ቃል ጣል ያደርጋል። «ከይህን ያህል እስከ ይህን ያህል» ይላል፤ ደንበኛው ጆሮ የሚገባው ግን ዝቅተኛው ብቻ ነው። መፍትሔው ሲነገር ቀላል ነው፣ ሲያደርጉት ይከብዳል። ቁጥሩን በሙሉ ድምፅ ተናግሮ ዝም ማለት ነው። በቃ። ዝምታው ረዘመ ብላችሁ ካሰባችሁ ቀረጻውን እዩት፤ ሦስት አራት ሰከንድ አይሞላም።

የቅናሽ ሒሳቡም ጥሩ ነው። ለእናንተ 70 የፈጀ ዕቃ በ100 ትሸጣላችሁ እንበል። ትርፉ 30 ነው። 10 በመቶ ስትቀንሱ ዋጋው 90 ይሆናል፣ ትርፉ 20። ቀድሞ ከ10 ዕቃ ይገኝ የነበረውን 300 ለማግኘት አሁን 15 መሸጥ አለባችሁ። 20 በመቶ ከቀነሳችሁ ደግሞ 30። «ምን አላት፣ ትንሽ ናት» ብሎ የሚቀንስ ሰው ይህን ወረቀት ላይ አንዴ ቢጽፈው እጁ ይከብደዋል።

አሠልጣኟ ያላነሱት አንድ ጉዳይ አለ። ሒሳቡ ለድርጅቱ ነው የሚሠራው፣ ለሻጩ ላይሠራ ይችላል። ኮሚሽኑ በሽያጩ ጠቅላላ ዋጋ ላይ 3 በመቶ የሚታሰብለት ሻጭ 100 ሲሸጥ 3 ያገኛል፣ በ90 ሲሸጥ 2.70። ድርጅቱ የትርፉን ሢሶ ሲያጣ እሱ ያጣው አንድ አሥረኛ ነው። ታዲያ ለምን ይከራከራል? ቀንሶ ሸጦ ወደ ሌላው ደንበኛ መሄድ ይሻለዋል። ኮሚሽን ከትርፍ ላይ እስካልታሰበ ድረስ ሠራተኛን «አትቀንስ» ብሎ ማሠልጠን ውኃ ቢወቅጡት ዓይነት ነው። የሽያጭ ኃላፊ የሆናችሁ ሠራተኞቻችሁን ወደዚህ ሥልጠና ከመላካችሁ በፊት የኮሚሽን ሰንጠረዡን እዩት።

ቅር ያለኝ «ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ» የሚለው ክፍል ነው። ለዚህ የሚጠቀሰው አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ጥናት ነው። በሰዎች ፊት ቁጥር ያለበት መንኮራኩር ያሽከረክራሉ፤ መንኮራኩሩ የሚቆመው ወይ 10 ላይ ወይ 65 ላይ እንዲሆን ተደርጓል። ከዚያ ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባላት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ስንት በመቶ እንደሆኑ ይጠይቃሉ። 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሆነ፣ 65 የወጣላቸው 45። ከጥያቄው ጋር ምንም የማይገናኝ ቁጥር ግምታቸውን ጎተተው ማለት ነው። ጥናቱን አልነቅፍም። ከሱ ተነስቶ «ዋጋችሁን ሰቅላችሁ ኋላ አውርዱ» ማለት ግን አንድ ጊዜ ሸጦ ለሚሄድ ሰው የሚሆን ምክር ነው። የእኔ ደንበኛ ለቶነር (ለማሽኑ የቀለም ዱቄት) ይመለሳል፣ ለጥገና ይመለሳል፣ ሲሰፋ ሁለተኛ ማሽን ይገዛል። አንዴ ከሰቀልኩት ላይ ሲያስወርደኝ ካየ ከዚያ ወዲያ የምጠራውን የመጀመሪያ ቁጥር ከቁጥር አይቆጥረውም።

የሚሸመደዱት ዓረፍተ ነገሮችም ይቅሩብኝ። «ስሜትዎ ይገባኛል፣ ሌሎች ደንበኞቻችንም እንዲሁ ብለው ነበር፣ በኋላ ግን…» የምትለዋን ገዢ ሁሉ ጠግቧታል። «ይህ ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው» የሚለውንም እውነት ካልሆነ አትበሉት። ነገ ደውሎ ዋጋው እዚያው መሆኑን ሲሰማ ምን ልትሉት ነው?

ከመልመጃ ጽሑፉ ግን አንድ ገጽ ቀድጄ ግድግዳ ላይ ብለጥፈው ደስ ይለኛል። ዋጋችሁን ደንበኛው በሚቆጥርበት መለኪያ ቀይሩት ይላል። ለእኔ መለኪያው ገጽ ነው። ርካሹ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚያስከፍለው በቶነር በኩል ነው። የቶነሩን ዋጋ በሚያትመው ገጽ ብዛት አካፍላችሁ፣ ደንበኛው በወር በሚያትመው ልክ አባዝታችሁ ማሳየት ነው። እዚህ ላይ የሙያ ምክር ልጨምር። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የገጽ ብዛት የሚለካው ቀለም ከገጹ 5 በመቶ ያህሉን ብቻ በሚሸፍን ጽሑፍ ነው፤ ሥዕልና ሰንጠረዥ የሚያትም ቢሮ ያን ያህል አያገኝም። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ቶነርም ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደለም። ይህን እኛው አስቀድመን ስንናገር ደንበኛው «ቀንሱ» ማለቱን ትቶ «ታዲያ ለእኛ የቱ ይሻላል?» ወደማለት ይመጣል።

በባዶው አትቀንሱ የሚለውም ቁም ነገር አለው። ቀንሱ ሲባል በምትኩ አንድ ነገር መጠየቅ ነው፦ ሙሉ ቅድመ ክፍያ፣ የዓመት የሰርቪስ ውል፣ ሁለተኛ ማሽን፣ ወይም ለእኛ የሚመች የማስረከቢያ ቀን። ምንም ሳትቀበሉ የቀነሳችሁት ዋጋ፣ በደንበኛው ዓይን ቀድሞም ተጨምሮበት የነበረ ነው።

አሁን ስሙን ያልጠራሁበት ምክንያት። ድረ ገጻቸው ላይ ዋጋ የለም። «ለዋጋ ይደውሉልን» ይላል። ደወልኩ። ያነሳው ልጅ ዋጋውን ነገረኝ፣ እኔም ለመጻፍ እስክሪብቶ ስፈልግ ዝም አልኩ። «ዛሬ ከተመዘገቡ ግን 20 በመቶ እንቀንሳለን» አለኝ። ገና አልተከራከርኩም እኮ! ቅናሹን ተቀበልኩ፤ ማን ይጠላል? ስም ብጠራ ግን ልጁ ላይ ጣጣ ይመጣበታል፣ እንጀራው ነው።

የጎደለው ነገር በጽሑፍ የሚደረግ ድርድር ነው። ዛሬ ዋጋ የሚጠየቀው በአብዛኛው በመልእክት ነው። «ስንት ነው?» ብቻ ተጽፎ ይመጣል፣ ቁጥሩን ስትልኩለት ይጠፋል። በጽሑፍ ደግሞ ዝም የሚለው እሱ ነው፣ መነጽርም አያወልቅም። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቪዲዮ የለም። ፊት ለፊት ወይም በስልክ ለምትሸጡ፣ በተለይ ለጀማሪ፣ ለቀጥታ ልምምዱ ስትሉ ግዙት። ሽያጫችሁ ሁሉ በመልእክት ከሆነ ይቅርባችሁ። ለሁለቱም ካልሆናችሁ ደግሞ ከሥራ ባልደረባ ጋር ተቀምጣችሁ በስልካችሁ ተቀረጹ፤ ግማሹን በነፃ ታገኙታላችሁ።