የተቀበረ ማነጣጠሪያ ወይስ ከላይ የወጣ? ለኪስ ሽጉጥ ገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

ጥይቱን ሌላ ክፍል ቆልፌ፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቼ፣ ከጃኬት ኪስ ማውጣት እየተለማመድኩ ነበር። ስድስተኛው ላይ የኋላው ማነጣጠሪያ የኪሱን ገበር ያዘ። እጄ ወደ ላይ ሲሄድ ጃኬቱም አብሮ ተከተለ። ገበሩን ገልብጬ ሳየው አንድ ጣት የሚያህል ክር ተመዝዟል። ማነጣጠሪያው ጥግ ላይም ትንሽ የጨርቅ ቁራጭ ተሰክታ ቀርታለች።

ማነጣጠሪያን ወደ ውስጥ የመቅበር ሐሳብ የመጣው ከእንዲህ ዓይነቷ ቁራጭ ነው። ከላይ የወጣ ነገር ከሌለ ጨርቅ የሚይዝ ነገር አይኖርም። ጥያቄው በምትኩ ምን እናጣለን የሚለው ነው።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አውጥተው ሽጉጥ ለሚይዙ ወገኖች ነው። ሌሊት ሱቅ የሚዘጉ፣ ነዳጅ ማደያ ሲሠሩ የሚያድሩ ብዙዎች አሉ። ከሽጉጡ በፊት አንድ ነገር ልበል። የቨርጂኒያ ፈቃድ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አይሠራም፤ ሜሪላንድ ውስጥም አይሠራም። ቨርጂኒያ ባለችው አሌክሳንድሪያ እየኖራችሁ ሜሪላንድ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የምትሠሩ ከሆነ ድልድዩን ስትሻገሩ ሕጉ ይቀየራል። ይህን ሳያውቁ መሻገር እስር ቤት ያስገባል።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ማነጣጠሪያ ሁለት ሥራ አለው። ትክክል ስትሆኑ ትክክል መሆናችሁን ያሳያል። ስትስቱ ደግሞ ወዴት እንደሳታችሁ ይነግራል። እኔ ሁለተኛውን ነው የማስቀድመው። ትንሽ ሽጉጥ ላይ ስህተት ቶሎ ይበዛል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ካለ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ማዛነፍ 7 ሜትር ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ያስታል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚመጣ ነገር ነው።

መቅበሩ የዛሬ ፈጠራ አይደለም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የቤልጂየሙ ኤፍኤን 1910 ላይኛው ብረት (ሲተኮስ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለሰው ክፍል) ላይ ቀጭን ቦይ አለው። ጥቃቅኖቹ ማነጣጠሪያዎች የተቀመጡት እዚያ ቦይ ውስጥ ነው። በ1914 ሳራዬቮ ላይ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ አርክዱክ ፍራንዝ ፈርዲናንድ የተገደለው በዚህ ዓይነት ሽጉጥ ነው። ከኪስ ሲወጣ ልስልስ ነው። ግን ብረት በብረት ውስጥ ስለሆነ፣ መብራት ደከም ሲል ሁሉም ጥቁር ይሆንባችኋል።

ከተቀበሩት ሁሉ ብልሁ ለእኔ የኤኤስፒ ነው። በ1970ዎቹ ፓሪስ ቴዎዶር የተባለ አሜሪካዊ የስሚዝ ኤንድ ዌሰንን ሞዴል 39 ቆርጦና አሳጥሮ የሠራው ሽጉጥ ነው። የፊት ማነጣጠሪያ ጭራሽ የለውም። በምትኩ ላይኛው ብረት ላይ የጣሪያ አሸንዳ የመሰለ ቦይ ተቀምጧል። ቦዩ ወደ ፊት እየጠበበ ይሄዳል። ወለሉና ሁለቱ ግድግዳዎቹ ቢጫ ናቸው። ሽጉጡ ሲስተካከል ሦስቱ ቢጫዎች እኩል ሆነው ይታያሉ። ወደ ጎን ሲያዘነብል አንዱ ግድግዳ ሰፍቶ ሌላው ይጠባል። ወዴት እንደሳታችሁ ወዲያው ይነግራችኋል ማለት ነው። ጨርቅ ሳይዝ ሁለተኛውን ሥራም ይሠራል። የሚያሳዝነው፣ ዛሬ ይህን ሽጉጥ የሚይዙት ሰብሳቢዎች ናቸው። ለዕለት መያዣ ብላችሁ አትፈልጉት።

ዛሬ ገዢዎች በብዛት የሚያነሱት የሲግ ሳወር ፒ365 ኤስኤኤስን ነው። ዋናው ፒ365 በ2018 ወጣ፤ ኤስኤኤስ የሚል ቅጥያ ያለው ደግሞ በ2020 ተከተለ። ቅጥያው ራሱ ጨርቅ አይይዝም ለማለት የተሰጠ ነው። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ጥይት ይጎርሳል። ካርታው፣ ማለትም የጥይት መያዣው፣ አሥር ይይዛል። ክብደቱ ባዶውን ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። በጎኑ ላይ የወጡት ማንሻዎች ሁሉ ከብረቱ እኩል ተደርገዋል። ማነጣጠሪያው የእስራኤሉ ሜፕሮላይት የሠራው ነው፤ እሱም ከላይኛው ብረት ጋር እኩል ተቀብሯል። የፊት ማነጣጠሪያ የለም። ከኋላ ስትመለከቱ አረንጓዴ ክብና በመሐሉ አረንጓዴ ነጥብ ታያላችሁ። ቀን በፋይበር ውስጥ የሚገባው ብርሃን፣ ሌሊት ደግሞ ትሪቲየም የተባለ ራዲዮአክቲቭ ጋዝ ያበራዋል።

የተኩስ መለማመጃ ቦታ ተከራይቼ ሞክሬዋለሁ። ነጥቡ ክቡ መሐል ሲገባ ደስ ይላል። ዓይን አይደክምም። ሁለት ነገር ማሰለፍ የለም። ችግሩ የመጣው ቶሎ ቶሎ ሳነሳ ነው። አፈሙዙ ትንሽ ቀና ሲል ነጥቡ ከክቡ ውስጥ ይጠፋል። ወደ ላይ ነው የሳትኩት? ወደ ግራ? አይናገርም። እጄን እያወዛወዝኩ ነጥቡን መፈለግ ጀመርኩ። ያ ፍለጋ አንድ ሰከንድ ይሁን ሁለት አልለካሁትም፤ ግን ረጅም ነበር። ከጎኔ የነበረ ልምድ ያለው ተኳሽ ያንኑ ሽጉጥ ወስዶ አነሳው። ነጥቡ በየጊዜው አለ። እጁ ለዓመታት አንድ ቦታ መውጣት ለምዷል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ኤስኤኤስ የለመደ እጅን ይሸልማል። ጀማሪን አያስተምርም።

ሌሎች ዋጋዎችም አሉት። በርሜሉና ላይኛው ብረት ወደ ላይ ጋዝ የሚያስወጡ ቀዳዳዎች አሏቸው። ይህ የአፈሙዙን መዝለል ይቀንሳል። ነገር ግን ሽጉጡን ደረት ላይ አስጠግቶ ለሚተኩስ ሰው ጋዙ ወደ ፊቱ ነው የሚወጣው። ጥቀርሻም ማነጣጠሪያው ላይ ሊያርፍ ስለሚችል ቶሎ ቶሎ መጥረግ ያሻል። ለማጽዳት ሲፈታ ማንሻው ስለተቀበረ ሳንቲም ወይም ካቻቪቴ መያዝ ነው። አንድ እጅ ቢጎዳ፣ ጥይት ለማጉረስ ላይኛውን ብረት ቀበቶ ላይ አስደግፎ መሳብ የሚያስችለው የወጣው የኋላ ማነጣጠሪያ ነበር። እዚህ የለም። ማነጣጠሪያው አልተመቸኝም ብትሉም በተለመደው መተካት አትችሉም፤ ብረቱ ለእሱ ብቻ ነው የተቆረጠው። ትሪቲየም ደግሞ በ12 ዓመት ገደማ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የተሠራበትን ዓመት ጠይቁ።

የስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ሪቮልቨርን (ጥይቱን በሚዞር ከበሮ የሚይዝ ሽጉጥ) ደግሞ ብዙ ሰው የተቀበረ ማነጣጠሪያ አለው ብሎ አያስበውም። አለው። የኋላው ማነጣጠሪያ የሽጉጡ ጀርባ ላይ የተቆፈረ ቦይ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። የፊቱ ተዳፋት ስለሆነ ጨርቁ ላዩ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። መምቻው ውስጥ ተደብቋል። አምስት ጥይት ብቻ ይይዛል፤ ክብደቱ 400 ግራም ቢያልፍ ትንሽ ነው። ምላጩ ከባድ ነው። ረገጣውም እጅ ያማል። ግን ወዴት እንደሳታችሁ ይነግራችኋል። የፊቱ ብረት በቦዩ ውስጥ ወደ ግራ ሲጠጋ ግራ መሳታችሁን ታያላችሁ። ጉድለቱ የፊቱና የኋላው ቀለም አንድ መሆኑ ነው። መድኃኒቱ ደማቅ ብርቱካናማ የጥፍር ቀለም ነው። ባዶውን ሽጉጥ በአልኮል ጠርጉ፣ መጀመሪያ ነጭ ቀቡ፣ ሲደርቅ ብርቱካናማውን ደርቡ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ይሠራል።

ጭራሽ ማነጣጠሪያ የሌላቸውም አሉ። ሲካምፕ ኤልደብሊውኤስ 32 ላይኛው ብረቱ ልሙጥ ነው። ታውረስ ከርቭ ከኋላው የመስቀል ምልክት ተስሎበት፣ መብራትና ሌዘር ተገጥሞለት ነው የወጣው። ሮርባው ደግሞ አር9ን በሁለት መልክ ይሸጥ ነበር፤ አንዱ ማነጣጠሪያ ያለው፣ ሌላው የሌለው። እነዚህ ክንድ ለክንድ ለሆነ ርቀት የታሰቡ ናቸው። እኔ አልመክራቸውም። ሱቅ ውስጥ ከባንኮኒው እስከ በሩ ያለውን ርቀት ለኩት። ከክንድ ይረዝማል። በሩ ጋ ደግሞ ሌላ ሰው ቆሞ ሊሆን ይችላል። የምትተኩሱት እያንዳንዱ ጥይት የት እንዳረፈ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ።

ከላይ የወጣውን የተለመደ ማነጣጠሪያ የያዘው ዋናው ፒ365 ከኤስኤኤስ ጋር በመጠን አንድ ነው። የፊቱ አረንጓዴ ክብ ከሩቅ ይታያል፤ ካልተመቸ ይቀየራል። ከዚያ የሚያንሰው የሩገር ኤልሲፒ ማክስ በ2021 ወጣ። .380 ጥይት (ከዘጠኝ ሚሊ ሜትሩ አጠር ያለ)፣ አሥር የሚይዝ ካርታ፣ 300 ግራም ገደማ። ማነጣጠሪያው ትንሽ ነው፤ ግን ይታያል። የመጀመሪያዋ የ2008ቷ ኤልሲፒ ያላት ግን አለ ለማለት ያህል ነው።

ዕድሜያችሁ ከ45 አልፎ የፊቱ ማነጣጠሪያ ከደበዘዘባችሁ ቀይ ነጥብ፣ ማለትም በመስታወት ላይ የበራ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ፣ መግጠም የሚያስችለውን ፒ365ኤክስ ተመልከቱ። ነጥቡን ስታዩ ዓይናችሁ ዒላማው ላይ ይቆያል። አስቲግማቲዝም (ነገርን የሚያደበዝዝ የዓይን ቅርጽ መዛነፍ) ያለበት ሰው ግን ነጥቡ ሊፈስበት ስለሚችል ሳይሞክር አይግዛ።

የእኔ ምርጫ እንግዲህ እንዲህ ነው። ቀበቶ ላይ በማህደር የምትይዙ ከሆነ መቅበሩ የሚያተርፍላችሁ ነገር ጥቂት ነው፤ ዋናውን ፒ365 ውሰዱ። ኪስ ውስጥ ከሆነ 642 ወይም ኤልሲፒ ማክስ፣ ያውም ምላጩን በሚሸፍን የኪስ ማህደር። እኔም ጃኬቴን ካሰፋሁ በኋላ የገዛሁት የኪስ ማህደር ነው። ከዚያ ወዲህ ገበሩ አልተያዘም። ኤስኤኤስን የምመክረው በየሳምንቱ ለሚተኩስ ሰው ብቻ ነው።

ልባችሁ ኤስኤኤስ ላይ ካረፈ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ሻጩ ሽጉጡን ከፍቶ ባዶነቱን ያሳያችሁ፤ እናንተም በዓይናችሁ እዩ። ወዴት ማነጣጠር እንደሚፈቀድ ጠይቁት። ጣታችሁን ከምላጩ አርቃችሁ፣ ባሳያችሁ ግድግዳ ላይ አንዲት ነጥብ ምረጡ። ዓይናችሁን ከነጥቧ ሳትነቅሉ ሽጉጡን አንሱ። አረንጓዴው ነጥብ ክቡ ውስጥ አለ? አውርዱና ድገሙት። አሥር ጊዜ። ከአሥሩ ሦስቴም ቢሆን መፈለግ ከጀመራችሁ ሽጉጡን መልሱለትና ዋናውን ፒ365 እንዲያወርድላችሁ ጠይቁት።