«የታክስ ክሊራንስ» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁ ካለ እንዳትሰጡ

የደሴ ልጆች ሰላም ነው፣ ኮምቦልቻ ያላችሁም ስሙኝማ፣ በተለይ አሜሪካ የሚማር ልጅ ወይ ወንድም ያላችሁ። እናቴን 4,500 ብር በሏት።

ወንድሜ እዛ ተማሪ ነው፣ ግቢው ላይብረሪ እየሰራ ከሚያገኛት ቆጥቦ 600 ዶላር ላከ። እማ ፒያሳ አካባቢ «ጉዳይ እናስፈጽማለን» የሚል ቤት መታወቂያዋን ኮፒ ልታስደርግ ገብታ ልጄ ላከልኝ ትላለች (ዝም አትልም ወላሂ)። ሰውየው ወዲያው «እናቴ አዲስ ህግ ወጥቷል፣ ተማሪ ሲልክ 5 ፐርሰንት ታክስ አለበት፣ ክሊራንስ ካላወጡ ቪዛውን ይነጥቁታል» አላት። ቪዛ ሲባል በቃ ደነገጠች፣ ከመቀነቷ ፈታ ቆጥራ ሰጠችው። ማታ ቡና ላይ ወረቀቱን ሳየው ማህተሙ የተድበሰበሰ፣ ቲን ነምበር የለው፣ የደረሰኝ ቁጥር የለው፣ የወንድሜ ስም ራሱ ተሳስቷል።

የአሜሪካው ህግ ራሱ ውሸት አይደለም፣ ለዛ ነው ሰው የሚያምናቸው። በ2025 ጁላይ ላይ የተፈረመ ነው፣ ከ2026 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ይሰራል፣ ግን 1 ፐርሰንት ነው። 5 ያለው መጀመሪያ ረቂቁ ላይ ነበር፣ ከዛ 3.5 ተባለ፣ መጨረሻ 1 ሆኖ ጸደቀ። እሱም ላኪው በካሽ ወይ እንደ መኒ ኦርደር ባለ የክፍያ ወረቀት ሲከፍል ነው፣ ከአሜሪካ ባንክ አካውንቱ ወይ እዛ በወጣ ደቢት ካርድ ከላከ ምንም የለም። ተማሪን ለይቶም አይደለም። የሚቆርጠው ደግሞ እዛ ያለው አስተላላፊ ድርጅት ነው፣ ከላኪው፣ እዚህ ደሴ የሚወጣ ክሊራንስ ምናምን የሚባል ነገር የለም። ወንድሜ ከባንኩ ነው የላከው ስለዚህ ዜሮ፣ በካሽ ቢልክ ራሱ 6 ዶላር ነበር።

በነጋታው ሄድኩ። «የተከፈለ አይመለስም» አለኝና ጭራሽ «እናትየውን ጥገኛ (ልጁ የሚያስተዳድራት) አርገን ልጁ የከፈለውን ታክስ እናስመልስለታለን፣ 10,000 ብር ቅድሚያ» አይለኝም! ደወልኩለት ለወንድሜ፣ ሳቀ። እሱ ለታክስ እንደ ነዋሪ የማይቆጠር ተማሪ የሚሞላውን ፎርም ነው የሚሞላው፣ ኢትዮጵያ የምትኖር እናቱን ጥገኛ ብሎ ማስገባት አይችልም፣ ለቤተሰብ የላከውም ከታክሱ አይቀነስለትም። ያ ሰውዬ የባንክ ፓስወርዱንም «ለማመልከቻ» ብሎ ጠይቆኝ ነበር እኮ።

ብሩን ተውኩት። የእማ መታወቂያ ኮፒ ግን እሱ ጋ ቀርቷል፣ እሱን ሳልቀበል አልተወውም፣ ሰኞ ተመልሼ እሄዳለሁ።