የፀሐይን ፍንዳታ ለማየት ወይስ የሰሜንን ብርሃን ለማሳደድ? ከመግዛትዎ በፊት የመሣሪያዎች ንጽጽር

መስከረም 23 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ሲል፣ 25ኛው የፀሐይ ዑደት (ፀሐይ በየ11 ዓመቱ ገደማ የምትደጋግመው የመረጋጋትና የመናወጥ ዙር) እስከዚያ ቀን ካሳየን ፍንዳታዎች ሁሉ የሚበልጠው ተከሰተ። ደረጃው ኤክስ 9 ነበር፤ ኤክስ የኃይለኞቹ ፍንዳታዎች መደብ ነው። እኔ በምኖርባት፣ በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ባለችው በሚኒያፖሊስ ፀሐይ ገና ከአድማስ ብቅ እያለች ስለነበር ከጎረቤት ጣሪያ በላይ እስክትወጣ ነገሩ በረደ። በአዲስ አበባ ሰማይ ግን ከፍ ብላ ቆማ ነበር።

ከአምስት ቀን በኋላ ሌላ ፍንዳታ ሆነ፤ ኤክስ 1.8፣ የፊተኛውን አንድ አምስተኛ የሚያህል። እኛ ዘንድ ፀሐይ ከጠለቀች ሁለት ሰዓት አልፎ ስለነበር በቴሌስኮፕ ያየው የሰፈራችን ሰው የለም። ሆኖም ከእርሱ ጋር የተወረወረው የፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የተሞላ የጋለ ጋዝ) ደመና በቀጥታ ወደ ምድር ስለመጣ መስከረም 30 ምሽት ላይ ኦሮራው፣ ማለትም የሰሜኑ ብርሃን፣ እስከ ቴክሳስ ድረስ በካሜራ ተያዘ። ትልቁ ያላመጣውን ትንሹ አመጣው።

ይህን ያነሣሁት «ፍንዳታውን የሚያሳይ ቴሌስኮፕ ከገዛሁ ኦሮራው መቼ እንደሚመጣ ቀድሜ አውቃለሁ» ብለው ብዙ ገንዘብ ሊያወጡ የተነሡ ሰዎች ደጋግመው ስለሚያማክሩኝ ነው። የፍንዳታው ብርሃን በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይደርሰናል። ደመናው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይጓዛል፣ ብዙ ጊዜም ምድርን ስቶ ያልፋል። ቀንና ሌሊት የሚሠሩ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ግዢያቸውም ለየብቻ ነው።

ለቀን፦ ፊልም፣ ሃይድሮጅን አልፋ ወይስ ራሱን የሚያዞር ቴሌስኮፕ?

በጣም ርካሹ መንገድ የፀሐይ ማጣሪያ ፊልም ነው። ባደር አስትሮሶላር የሚባለው፣ 5.0 የሚል ቁጥር ያለበት፣ ከመቶ ሺህ የብርሃን እጅ አንዱን ብቻ ያሳልፋል። ከ50 ዶላር በታች በሆነ ዋጋ የወረቀት ገጽ የሚያህል ይገኛል። 3.8 የተጻፈበት ለካሜራ ብቻ ስለሆነ በዓይን እንዳይታይበት። ይህን ፊልም ቤት ውስጥ ባለ ትንሽ ቴሌስኮፕ አፍ ላይ ሲገጥሙት የፀሐይን ጥቁር ነጥቦች ያያሉ፤ ጥቁር እምብርታቸውንና ዙሪያቸውን የከበበውን ግራጫ ጥላ ለይተው ማየት ይችላሉ። በ2016 ግንቦት ላይ የታየው 13664 የተባለው የነጥቦች ስብስብ የምድርን ስፋት 15 ጊዜ ያህል ስለነበረ በግርዶሽ መነጽር እንኳ ያለ ቴሌስኮፕ ይታይ ነበር።

ፊልሙ የማያሳየው አንድ ነገር ቢኖር ፍንዳታውን ራሱን ነው። በነጭ ብርሃን የሚታይ ፍንዳታ እጅግ ብርቅ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1859 የፀሐይን ምስል ሰሌዳ ላይ ጥሎ ነጥቦችን ሲስል እንዲህ ያለው ገጠመው፤ ያስከተለው የማግኔት ማዕበልም ከ17 ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ምድርን መታ። የዚያ ዓይነት ዕድል ላይ ተመሥርቶ ግን ዕቃ አይገዛም።

ፍንዳታ ለማየት የሚያስፈልገው የሃይድሮጅን አልፋ ቴሌስኮፕ ነው። 656.3 ናኖ ሜትር ላይ ካለችው ቀይ ብርሃን ከአንድ ናኖ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ የማትሞላ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ያሳልፋል። በዚያ ስንጥቅ መጀመሪያ የታየኝን ፍንዳታ አልረሳውም። ቀዩ ገጽ ጸጥ ብሎ ሳለ ከጥቁሮቹ ነጥቦች አጠገብ እንደ ጋለ ብረት ነጣ ያሉ ሁለት ትይዩ ክሮች በሩ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥም ቀስ እያሉ ተራራቁ። ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር፣ ዓይኔን ግን መንቀል አልቻልኩም።

በዚህ ጎራ ምርጫው በሦስት መካከል ነው። ለንት የተባለው ባለ 40 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ሁሉ ነገሩ በአንድ ላይ የተገጠመ ስለሆነ ከሣጥን አውጥቶ ማየት ነው፤ ዋጋው ብዙ መቶ ዶላር ቢሆንም ለጀማሪ ይህን እመርጣለሁ። የዴይስታር ኩዋርክ በራስዎ ሌንስ ባለው ቴሌስኮፕ ላይ የሚገጠም ማጣሪያ ሲሆን ዝርዝር በማሳየት ይበልጠዋል፤ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል፣ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ እስኪሞቅም ደቂቃዎች ይጠበቃል። ምስሉን ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚያጎላ ሙሉዋን ፀሐይ በአንድ እይታ ለማየት የሚሻ ሰው ይከፋዋል፤ ከ80 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቴሌስኮፕ ላይም ተጨማሪ የሙቀት መከላከያ ያሻዋል። ኮሮናዶ ፒኤስቲ አሁን በአብዛኛው ያገለገለ ሆኖ ነው የሚገኘው። የአሮጌዎቹ የውስጥ ማጣሪያ በዕድሜ ስለሚደበዝዝ ፀሐይ ባለበት ቀን በዓይንዎ ሳያዩበት ገንዘብ አይክፈሉ።

ሲስታር ኤስ50ን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሲወጣ 500 ዶላር አካባቢ የነበረው ይህ ራሱን በራሱ የሚያዞር ቴሌስኮፕ ፀሐይን ፈልጎ፣ ተከታትሎ፣ ምስሏን ስልክዎ ላይ ያመጣል፤ ከልጆች ጋር ለማየት የሚበልጠው የለም፣ ሌሊትም ኔቡላ (በጠፈር ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ያነሣል። አብሮት የሚመጣው ማጣሪያ ግን የነጭ ብርሃን ነው። ያው ነጥቦቹን እንጂ ፍንዳታውን አያሳይም።

በርካሽ ቴሌስኮፕ ሣጥን ውስጥ የሚመጣውን፣ በዓይን መመልከቻው ላይ የሚጠመዘዘውን ትንሽ ጥቁር መስታወት ግን በምንም ምክንያት አይጠቀሙበት። የተሰበሰበው ሙቀት ይሰነጥቀዋል፣ ዓይን ደግሞ ሳያምም ነው የሚጠፋው። ማጣሪያ ሁልጊዜ ከፊት፣ ወይም እንደ ኩዋርክ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ይሁን።

ለሌሊት፦ ስልክ፣ አዲስ ካሜራ ወይስ ጥሩ ሌንስ?

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. አርብ ምሽት፣ የፋሲካ ሳምንት ስለነበር ቤታችን እንግዳ አልጠፋም። ምድርን የመታው የማግኔት ማዕበል ጂ5፣ ማለትም የመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ፣ ነበር፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጀመሪያው። ሁላችንም ከከተማ ወጣ ብለን ቆምን። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ላይ አየችና «ጭስ ነው እንዴ?» አለች። ስልኩን መኪናው ጣሪያ ላይ አስደግፌ ለሦስት ሰከንድ ከፈትኩትና ሰጠኋት። ስክሪኑ ላይ ሰማዩ ደም የመሰለ ቀይ ነበር። ስልኩን ካየች በኋላ ቀና ስትል በዓይኗም ቅላቱ ታያት።

በመካከለኛ ኬክሮስ ላይ ለምንኖር ሰዎች ይህ የተለመደ ነው። የኦሮራው አረንጓዴ ግርጌ ብዙውን ጊዜ ከአድማስ በታች ይቀርብናል፤ የምናየው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ኦክስጅን የሚያበራውን ቀይ አናት ነው፣ ዓይናችን ደግሞ በጨለማ ለቀይ ደካማ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢ ካሜራ ሳይሆን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ነው። የሌሊት ፎቶ ማንሻ ያለው ማንኛውም የቅርብ ዓመት ስልክ በትራይፖድ ላይ ሆኖ ለማስታወሻ የሚበቃ ፎቶ ይሰጣል።

ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ሰው ምክሬ አንድ ነው፦ ገንዘቡ ሌንሱ ላይ ይዋል። ከአዲስ ካሜራ ጋር የሚመጣው መደበኛ ሌንስ በሰፊው ሲከፈት ኤፍ 3.5 ነው (ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል)፤ ኤፍ 1.8 ሌንስ ከእርሱ አራት እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ኦሮራ ቆሞ አይጠብቅም፤ የብርሃን ዓምዶቹ በየሰከንዱ ይንቀሳቀሳሉ። አንዱ ሃያ ሰከንድ የሚፈልገውን ሌላው በአምስት ሰከንድ ይጨርሰዋል፣ ዓምዱም ዓምድ ሆኖ ይቀራል። እንደ ካኖን 6ዲ ያለ ያገለገለ ካሜራ ከሳምያንግ 14 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ጋር፣ ከአዲስ ካሜራና ከመደበኛ ሌንስ ጥንድ ይሻላል። የሳምያንጉ ትኩረት (ፎከስ) በእጅ የሚስተካከል ነው፤ በሌሊት ግን ሁሉም ቢሆን በእጅ ነው የሚስተካከለው።

ሻጩ «ለመከላከያ» ብሎ የሚጨምርልዎትን ጠፍጣፋ መስታወት በኦሮራ ሌሊት ያውልቁት። የኦሮራው አረንጓዴ ብርሃን አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ ስላለው በመስታወቱ ሁለት ገጾች መካከል ሲመላለስ ፎቶዎ መሀል ላይ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበቶች ያሉ ክቦች ይጥላል፣ በኋላም በኮምፒውተር አይጸዳም። ትርፍ ባትሪ ይያዙ፣ ከልብስ ውስጥ፣ ገላዎ አጠገብ።

ማስጠንቀቂያ ለሚልክ መተግበሪያ ደግሞ መክፈል አያስፈልግም። የአሜሪካው የጠፈር አየር ሁኔታ ትንበያ ማዕከል መረጃ ነጻ ነው። ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው ያሉት ሳተላይቶች ማዕበሉን ከመድረሱ ከ15 እስከ 60 ደቂቃ ቀድመው ይለኩታል። ኬፒ (የምድር ማግኔት መናወጥ ከ0 እስከ 9 የሚለካበት ቁጥር) 7 ሲደርስና ደመናው ይዞት የመጣው የማግኔት መስክ ወደ ደቡብ ሲያጋድል ጫማዎን ያጥብቁ።

አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ ስትጠይቀኝ ስለ ሌንስ አንድም ቃል አልነገርኳትም። ከተማዋ ለምድር የማግኔት ወገብ ቅርብ ስለሆነች ኦሮራ አይመጣላትም። ፀሐይዋ ግን ከእኛይቱ ትበልጣለች፦ ሚኒሶታ በታኅሣሥ ፀሐይን ከአድማስ ብዙም ሳትርቅ ሲያያት፣ እርሷ ዓመቱን ሙሉ ከአናቷ አካባቢ ታገኛታለች። አንድ ገጽ ፊልም ላክሁላት፤ ለሁለት ማጣሪያ ይበቃል። ከመቁረጧ በፊት ወደ አምፖል አቅንታ ቀዳዳ መኖሩን እንድታይ ነግሬያታለሁ። ለለንቱም ገንዘብ እያጠራቀመች ነው።