የስብሰባ ሥነ ሥርዓት ሥልጠና በጅማ፦ የአንድ እድር ጸሐፊ ግምገማ

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ ማገልገል ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እስካሁን የጻፍኳቸውን ቃለ ጉባኤዎች መለስ ብዬ ሳገላብጥ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» የሚለው ሐረግ በየገጹ ሰፍሮ አገኘዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ድምፅ የተሰጠባቸው ስብሰባዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የእድሩ ዳኛ «እንግዲህ ተስማምተናል፣ አይደል?» ይላሉ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እኔም ያንን ስምምነት አድርጌ እመዘግባለሁ። ስለዚህ ከፈረንጅ አራዳ ብዙ በማይርቅ አዳራሽ ለእድርና ለኅብረት ሥራ ማኅበር አመራሮች የስብሰባ አመራር ሥልጠና እንደሚሰጥ ስሰማ፣ ከዳኛችን ጋር ተመዝግበን ቅዳሜንና እሑድን እዚያው ዋልን። ክፍያው ለአንድ ሰው 900 ብር ሲሆን ጥራዙን፣ ምሳንና ቡናን ይጨምራል። በቡናው ቅሬታ የለኝም።

ሥልጠናው የተመሠረተው ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የተባለ የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ ባዘጋጀው ደንብ ላይ ነው። መሐንዲሱ እ.ኤ.አ. በ1863 ኒው ቤድፎርድ በምትባል ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያን የተጠራ ስብሰባ እንዲመራ ድንገት ተመርጦ እንዴት እንደሚመራ ግራ ስለገባው፣ ጉዳዩን ሲያጠና ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1876 መጽሐፉን አሳተመ። ይህ ሲነገር ዳኛችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እኔንም እኮ እንዲሁ ነው የመረጡኝ» አሉኝ።

የሁለቱን ቀን ዋጋ ያገኘሁት ቅዳሜ ከሰዓት በፊት በተደረገው አንድ ልምምድ ነው። አሠልጣኙ ሃያ ስድስታችንን እንደ አንድ የእድር ጠቅላላ ጉባኤ አስቀመጡንና ስለ ወንበር እንድንነጋገር ጋበዙን። ከአጋሮ አካባቢ የመጡ የአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ተነሥተው «ወንበሮቻችን ተሰባብረዋል፤ ለቀስተኛው ቆሞ ነው የሚውለው፤ ድንኳኑም ያፈሳል፤ አንድ ነገር ቢደረግ ጥሩ ነው» አሉ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። አሠልጣኙ ግን «ጥሩ፣ እኔ ሰብሳቢ ብሆን እጅ የማስወጣው በምኑ ላይ ነው?» ብለው ሲጠይቁ የሚመልስ ጠፋ። ሴትዮዋ ጥቂት አስበው «እድሩ ካለው ተቀማጭ 60 የፕላስቲክ ወንበሮች እንዲገዛ የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ» አሉ፤ በእንግሊዝኛው ሞሽን የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው። አስተያየት የፈለገውን ያህል ሊንዛዛ ይችላል፤ የውሳኔ ሐሳብ ግን ጸሐፊው ቃል በቃል ጽፎ መልሶ ሊያነበው የሚችል፣ «አዎ» ወይም «አይሆንም» የሚባልበት አንድ ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት።

ቀጥሎ አንድ ወጣት 60 የሚለው 40 ተብሎ እንዲሻሻል ጠየቀ፤ ማሻሻያው ተደግፎ፣ ክርክር ተደርጎበት በ15 ለ11 አለፈ። አብዛኞቻችን ነገሩ ያለቀ መስሎን ወደ ሻይ ልንነሣ ስንል አሠልጣኙ አስቆሙን፦ እስካሁን የወሰናችሁት ቃሉን መለወጥ ብቻ ነው፤ ወንበር ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚለው ገና አልተወሰነም። 40 ወንበር ይገዛ የሚለው የተሻሻለው ሐሳብ ለድምፅ ሲቀርብ በ10 ድጋፍ፣ በ14 ተቃውሞና በ2 ድምፀ ተዓቅቦ ወደቀ፤ መግዛቱን ከመነሻው የማይፈልጉት ሰዎችና 60 ካልሆነ ምን ያደርጋል ያሉት ሰዎች አንድ ላይ ተቃውመውታልና። ማሻሻያው ያሸነፈለት ወጣት ፊቱ ላይ የታየውን ግራ መጋባት አልረሳውም። በእኛ እድር ቢሆን ኖሮ 40 ወንበር «በሙሉ ድምፅ» ተገዝቶ እንደነበር አልጠራጠርም።

ከሰዓት በኋላ ስለ ክርክር መዝጋት የተሰጠው ትምህርትም ለሁላችንም አዲስ ነበር ማለት ይቻላል። በስብሰባዎቻችን አንድ የደከመው ሰው «ይበቃል! ድምፅ ይሰጥበት!» ብሎ ሲጮህ ሰብሳቢው የሚታዘዘው የተለመደ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ግን ክርክር ይዘጋ የሚለው ራሱን የቻለ የውሳኔ ሐሳብ ስለሆነ ደጋፊ ያስፈልገዋል፣ በራሱ ላይ ክርክር አይደረግበትም፣ የሚያልፈውም ድምፅ ከሰጡት መካከል በሁለት ሦስተኛው ነው፤ 24 ሰው ድምፅ ከሰጠ ቢያንስ 16 መሆን አለበት። ምክንያቱም የሌላውን የመናገር መብት የሚነካ ውሳኔ ተራ አብላጫ ድምፅ እንዳይበቃው ነው። አንድ ተናጋሪ በአንድ ጉዳይ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱን ጊዜ እስከ 10 ደቂቃ መናገር እንደሚችልም ተነግሮናል። በእኛ ዘንድ 10 ደቂቃ ለመግቢያ የምትበቃ አይደለችም።

ከተሳታፊዎች አንድ አዛውንት የሁላችንንም ስጋት አነሡ፤ በእድር 14 ለ12 እየተባለ ሰው ከተከፈለ ነገ ለቅሶ ቤት አብረው የሚቀመጡት ጎረቤቶች ይቀያየማሉ፣ ስለዚህ ተነጋግሮ መስማማት አይሻልም ወይ የሚል ነው። አሠልጣኙ የመለሱት በጥራዙ ውስጥ በሁለት መስመር ብቻ የተጠቀሰውን ነገር በመዘርዘር ነበር፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይኸው ነው። ደንቡ ሰብሳቢው እጅ ሳያስቆጥር «ተቃውሞ ያለው አለ?» ብሎ ጠይቆ፣ በቂ ጊዜ ሰጥቶ፣ ተቃዋሚ ከሌለ ጉዳዩ እንደጸደቀ እንዲያስታውቅ ይፈቅድለታል፤ አንድ ሰው ብቻ ከተቃወመ ግን ወደ መደበኛው ሥርዓት ይመለሳል። «ተስማምተናል፣ አይደል?» የሚለው ጥያቄ የሚቃወመውን ሰው አፍራሽ ያስመስለዋል፤ «ተቃውሞ አለ?» የሚለው ደግሞ በሩን ይከፍትለታል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልለፍ፤ ቀላል አይደሉምና። ጥራዙ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። ድጋፍ መስጠት «ሁለተኛ ማድረግ» ተብሏል። ጉዳይን ለጊዜው ማቆየት ደግሞ «ጠረጴዛ ላይ ማስተኛት» ሆኗል፤ በእንግሊዝ አገር ያው አባባል ተቃራኒውን፣ ለውይይት ማቅረብን የሚያመለክት መሆኑ ሲታሰብ አንባቢውን ምን ያህል እንደሚያደናግር መገመት አያዳግትም። ክርክርን መዝጋት «ቀዳሚ ጥያቄ» ስለተባለ ብዙዎቻችን አስቀድሞ የተጠየቀ ጥያቄ መስሎን ነበር። ከሁሉ የባሰው «ላልተወሰነ ጊዜ ማስተላለፍ» የሚለው ነው፤ በአማርኛ ሲነበብ ጉዳዩ አንድ ቀን የሚመለስ ይመስላል፣ በሥርዓቱ ግን ሐሳቡን በቀጥታ ድምፅ ሳይሰጡበት በዚያ ጉባኤ መጣል ማለት ነው። «ደግፌዋለሁ» የሚለው የተለመደ ቃልም ማብራሪያ ይገባው ነበር፤ በሥርዓቱ ደጋፊው የሚለው ጉዳዩ ለውይይት ይቅረብ እንጂ በሐሳቡ እስማማለሁ አይደለም፤ ከደገፈ በኋላ ተቃውሞ ድምፅ መስጠትም ይችላል።

ሁለተኛው ጉድለት መጠንን የሚመለከት ነው። ልምምዶቹ በሙሉ ለጠቅላላ ጉባኤ የታሰቡ ነበሩ፤ ከሠልጣኞቹ አብዛኞቹ ግን በየወሩ የሚቀመጡት ሰባት ወይም ዘጠኝ ሆነው በሥራ አመራር ኮሚቴ ነው። ያው የሮበርት ደንብ ከአሥራ ሁለት ገደማ የማይበልጥ አባል ላለው ቦርድ ላላ ያለ ሥርዓት ያዘጋጃል፤ ደጋፊ አያስፈልግም፣ ሰብሳቢውም በክርክሩ መሳተፍ ይችላል። ይህ ባለመነገሩ አንድ ሠልጣኝ በአምስት ሰው ኮሚቴ ውስጥ ደጋፊ እያፈላለገ እንደሚቸገር ከወዲሁ ይታየኛል።

ስለ ምልዓተ ጉባኤም የተነገረው ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከግማሽ በላይ አባላት መገኘት እንዳለባቸው ይደነግጋል የሚል ምሳሌ ተሰጥቶ ታለፈ፤ ሆኖም እድሩም ማኅበሩም የሚገዛው በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ነው። ከላይ ባለው ልምምድ 26 ሰው ተገኝቶ 12 ደግፎ፣ 10 ተቃውሞ፣ 4 ድምፅ ቢያቅብ፣ ደንቡ «ድምፅ ከሰጡት አብላጫው» ካለ ሐሳቡ ያልፋል፤ «ከተገኙት አብላጫው» ካለ ግን 14 ስለሚያስፈልግ ይወድቃል። ይህን ያወቅነው በዕረፍት ሰዓት የራሳችንን ደንብ ከቦርሳዬ አውጥተን ስናነብ እንጂ ከመድረኩ አልነበረም። እሑድ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ፕሮጀክተሩ በመቆሙ የቃለ ጉባኤ አጻጻፍ ክፍል በግማሽ ሰዓት ተጠቅልሏል፤ ለጸሐፊዎች ይህ ቅር ያሰኛል። በአንጻሩ አሠልጣኙ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ እየተመላለሱ በትዕግሥት ማስረዳታቸው ሊመሰገን ይገባዋል፤ ጥራዙም በሁለቱም ቋንቋ ቢዘጋጅ መልካም ነበር።

ባለፈው የወር ስብሰባችን ዳኛችን «ተቃውሞ ያለው አለ?» ብለው ዝም ሲሉ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ድምፃቸውን ሰምቼ የማላውቅ እናት እጃቸውን አወጡ። ስብሰባው በአርባ ደቂቃ ረዘመ፤ በቃለ ጉባኤውም ለመጀመሪያ ጊዜ የድጋፍና የተቃውሞ ቁጥር ጻፍኩ።

ለመመዝገብ ለምታስቡ፦ ሰብሳቢና ጸሐፊ አብራችሁ ሂዱ፤ አንዱ ብቻ ከሄደ የተማረውን ለሌላው ሲያስረዳ ይከርማል። መተዳደሪያ ደንባችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እስክሪብቶም አትርሱ፣ በጥራዙ ላይ የሚሰረዝ ቃል ብዙ ነው።