ኤምጂቢዬን በባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ላስነሱልኝ ባለሙያ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሆን ብዬ ቆይቻለሁ። መኪናዬ ከጋራዥ ከወጣች በኋላ ረጅም መንገድ እስክነዳት፣ ዝናብም ሙቀትም እስክታይ ጠብቄ ነው። አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

መኪናዋ በአውሮፓውያኑ 1971 የተሠራች ጣሪያዋ የሚከፈት ኤምጂቢ የተባለች የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት። ስትወለድ የነበራት ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1,798 ሲሲ ሞተር ነው። እኔ የተመኘሁላት 3,528 ሲሲ የሆነውን ባለ ስምንት ሲሊንደር የእንግሊዙ መኪና አምራች የሮቨር ሞተር ነበር። ፋብሪካው ራሱ ከ1973 እስከ 1976 ይህንኑ ሞተር ጣሪያዋ በማይከፈተው ኤምጂቢ ላይ እየገጠመ 2,591 መኪኖች ሠርቷል። ሞተሩ የአሉሚኒየም ስለሆነ መጠኑ እጥፍ ሊሆን ቢቃረብም ክብደቱ ከቀድሞው የብረት ሞተር እምብዛም አይበልጥም፤ የመኪናዋ ፊት አይጫንም።

ባለሙያው ግን የሞተር ወሬ ሳይጀምሩ ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ኤምጂቢ ለብቻው የሚቆም ሻንሲ (ሸክም የሚችል የብረት አጽም) የላትም፤ ሸክሙን የምትችለው በቦዲዋ ነው፣ በተለይም ከበሮቹ ሥር ባሉት ጎኖች። ከዚያ በፊት አንድ ሌላ ጋራዥ ዝገቱን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ቀብቶበት ነበር። እርሳቸው ስቱኮውን አራግፈው ቀዳዳውን በእጄ አስዳሰሱኝ። «ይህ ቦዲ የድሮውን ሞተር እንኳ በቅጡ አይሸከምም» አሉኝ።

ለእርሳቸው ያለኝ አክብሮት የተጀመረው ከዚህ በኋላ ባየሁት ሥራ ነው። የበሰበሰውን ላሜራ ከመቁረጣቸው በፊት የበሮቹን ክፍተት ከዳር እስከ ዳር በብረት ደግፈው በየዱት። ያለ ድጋፍ ቢቆረጥ እንዲህ ያለች ክፍት መኪና ወገቧ ላይ ትጎብጣለች፤ በሩም ዳግመኛ በልኩ አይገጥምም። አንዱን ጎን ጨርሰው፣ ለክተው፣ በሩን ከፍተው ዘግተው ሳያረጋግጡ ሌላውን አልነኩም። በውጭ የሚታየውን ብቻ ሳይሆን ከተዘጋ በኋላ ማንም የማያየውን የውስጥ ላሜራም ቀየሩ። ፀረ ዝገቱን ቀብተው፣ ከመዝጋታቸው በፊት ፎቶውን ላኩልኝ።

ሞተሩን በሚገባ አድሰው ከባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ጋር አዘጋጁት፤ ነገር ግን ፍሬኑ ሳይጠናከር እንደማይገጥሙት በግልጽ ነገሩኝ። የፊት ፍሬን ዲስኮቹ በወፍራም፣ ዲስኩን የሚጨብጡት ካሊፐሮቹም በትልልቅ ተተኩ። የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻሉም ተለወጠ፤ የመጀመሪያው 3.9 ለ 1 ነበር (ጎማው አንዴ ሲዞር ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግ 3.9 ጊዜ ይዞራል)፣ አሁን ፋብሪካው ለባለ ስምንት ሲሊንደሯ እንደመረጠው 3.07 ለ 1 ሆኗል። በድሮው ቢቀር ኖሮ ሞተሩ በረጅም መንገድ ላይ ያለ ጥቅም ሲጮህና ነዳጅ ሲጨርስ ይኖር ነበር። እነዚህን ሁሉ ትቶ ሞተሩን ብቻ ገጥሞ የሚያስረክብ ባለሙያ ማግኘት ቀላል ነው።

ሌላው ችግር ሙቀት ነው። ኮፈኑ ሥር ቦታው ጠባብ ስለሆነ የጭስ ማውጫው ከመሪው ዘንግ ጋር ሊነካካ ይደርሳል። በመካከላቸው የሙቀት መከላከያ ሠርተው አስገቡ፤ ለራዲያተሩም ሁለት የኤሌክትሪክ ማራገቢያዎች ገጠሙ። በተጨናነቀ መንገድ ቆሜ እንኳ የሙቀት መለኪያው ከቦታው አይነቃነቅም።

የቀድሞውን ሞተርና ካምቢዮ፣ እስከ ትንንሾቹ ብሎኖች ድረስ፣ ምልክት ተለጥፎባቸው በሣጥን ተረክቤያለሁ። አንድ ቀን ወደ ቀድሞዋ ልመልሳት ብል ሁሉም አለ። ይህን እንዲያደርጉ አልጠየቅኋቸውም።

ለሚቸኩል ሰው አልጠቁማቸውም። ሥራ ላይ ሳሉ ስልክ አያነሱም፤ ማታ ግን ራሳቸው ደውለው ቀኑን ምን እንደሠሩ ይነግራሉ። ተጨማሪ ወጪ የሚያመጣ ነገር ሲያገኙ መጀመሪያ ያሳያሉ፣ ከዚያ ይጠይቃሉ፣ ፈቃድ ሲያገኙ ብቻ ይነካሉ።

ጌታዬ፣ እጅዎ ይባረክ። በብየዳው አብሮዎት የደከመው ወጣት ረዳትዎም ምስጋናዬ ይድረሰው። ባለሙያው ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጻፍሁትም፤ የቆየ መኪናውን ከልቡ ማሠራት የሚፈልግ በግል ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ። በአንድ ጊዜ ብዙ መኪና ስለማይቀበሉ ወረፋ መጠበቅ ይኖርበታል።